ማርማላታና ቸትኒ በቤት ሠርቶ በምግብ ባዛር መሸጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለቤተሰብ የተሠራ ማርማላታ ቢቀጥን ማንም ቅር አይለውም፤ ዳቦው ላይ ይፈስሳል፣ ይበላል፣ ያልቃል። ገንዘቡን ከፍሎ የወሰደ ሰው ግን ጠርሙሱን የሚከፍተው እርስዎ በሌሉበት፣ ምናልባትም ከወራት በኋላ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ከጓዳ ወደ ባዛር ለመውጣት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ ሚዛን፣ አሲድነትና ማስታወሻ ደብተር ከአንድ ጊዜ በላይ ይነሳሉ፤ የሥራው ግማሽ እነርሱ ላይ ስለሆነ ነው።

ማርማላታና ቸትኒ በምን ይለያያሉ? በየትኛው ልጀምር?

ማርማላታ ፍራፍሬና ስኳር አብረው ፈልተው የሚረጉበት ነው። ከመበላሸት የሚጠብቀው በዋነኛነት ስኳሩ ነው፤ ስኳር ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ለባክቴሪያና ለሻጋታ የሚተርፍ አይኖርም። ቸትኒ ደግሞ ፍራፍሬ ወይም አትክልት ከሽንኩርት፣ ከስኳር፣ ከአቼቶና ከቅመም ጋር በለስላሳ እሳት ለረጅም ጊዜ ተንተክትኮ የሚወፍር ነው፤ የእርሱ ጠባቂ የአቼቶው አሲድ ነው። የቸትኒ መነሻ ሕንድ ሲሆን እዚያ ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ተፈጭቶ ትኩሱን ይበላል። ታሽጎ ለወራት የሚቀመጠው ጣፋጭና ኮምጣጣ ዓይነት የተስፋፋው በእንግሊዞች እጅ ነው። ለሻጭ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ በዕለቱ እንዲበላ የታሰበን ቸትኒ በጠርሙስ አሽጎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው።

ጀማሪ አንድ ማርማላታና አንድ ቸትኒ ጎን ለጎን ቢይዝ መልካም ነው። ማርማላታ በግማሽ ቀን ያልቃል፤ ነገር ግን የመርጋቱን ቅጽበት መያዝ ዓይንና ልምድ ይጠይቃል። ቸትኒ መርጋት ስለማያስፈልገው ለእጅ ይቀላል፤ ሆኖም ከተሠራ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ተቀምጦ መብሰል አለበት። ትኩሱን የቀመሰው ሰው የሚሰማው የአቼቶውን ስለት ብቻ ነው። ስለዚህ ባዛሩ የሚከፈትበትን ቀን እንደሰሙ በመጀመሪያ እሳት ላይ የሚጣደው ቸትኒው ነው።

ፈቃድ ያስፈልገኛል?

እንደየአገሩና እንደየከተማው ይለያያል። በመጀመሪያ የሚደወለው ለአካባቢው የምግብ ቁጥጥር ክፍል፣ ቀጥሎ ለባዛሩ አዘጋጅ ነው። በብሪታንያ ለምሳሌ ከቤቱ ምግብ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ ቢያንስ 28 ቀናት አስቀድሞ በአካባቢው አስተዳደር መመዝገብ አለበት። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች በቤት ወጥ ቤት የተሠራ ማርማላታን ቀለል ባለ ደንብ ያሳልፋሉ፤ ቸትኒን ግን በአሲድ የተጠበቀ ምግብ ብለው ለይተው ሥልጠናና ምርመራ የሚጠይቁ አሉ። ለማርማላታ የተፈቀደለት ሰው ቸትኒም አብሮ እንደተፈቀደለት ማሰብ የለበትም፤ ለይቶ ይጠይቅ።

ሲደውሉ የሚጠይቁትን አስቀድመው ይጻፉ፦ ወጥ ቤቱ ይጎበኛል ወይ? የቤት እንስሳ ካለ ምን ይባላል? መለያው ላይ የግዴታ የሚጻፈው ምንድን ነው? ለደንበኞች ጉዳት የሚሆን መድን ይጠየቃል ወይ? መልስ የሰጠዎትን ክፍልና ቀኑን በደብተር ማስፈር በኋላ ክርክር ያስቀራል።

ማርማላታዬ አልረጋ የሚለው ለምንድን ነው?

መርጋት የሦስት ነገሮች መገናኘት ነው፦ ፔክቲን፣ አሲድና ስኳር። ፔክቲን በፍራፍሬው ልጣጭ፣ በእምብርቱና በሥጋው ውስጥ ያለ ነገር ሲሆን በሙቀት ይፈታል፤ በቂ አሲድና ስኳር ሲያገኝ እርስ በርሱ ተያይዞ ፈሳሹን በመረቡ ውስጥ ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ድስቱ እስኪነጋ ቢፈላም የሚገኘው ሽሮፕ ነው።

በፔክቲን የሚታወቁት ኮምጣጣ ፖም፣ ብርቱካንና ሎሚን የመሰሉት ሁሉ፣ ፕሪምና ዘይቱን ናቸው። እንጆሪ፣ ኮክ፣ ቼሪና አናናስ ድሆች ናቸው፤ እነዚህን ፔክቲን ካለው ፍራፍሬ ጋር ማዋሃድ ወይም የተዘጋጀ ፔክቲን መጨመር ያስፈልጋል። በደንብ የበሰለ ፍራፍሬ ለመብላት ደስ ቢልም ፔክቲኑ እየተሰበረ ስለሚሄድ ለማርማላታ ብቻውን አይሆንም። ከሦስት እጅ ሁለቱ የበሰለ፣ አንዱ ገና ጠንካራ የሆነ ፍራፍሬ ጣዕሙንም መርጋቱንም አብሮ ይሰጣል። አሲድ ለጎደለው ፍራፍሬ በኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የሎሚ ጭማቂ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቅደም ተከተሉም ያው ዋጋ አለው። ፍራፍሬው መጀመሪያ ያለ ስኳር፣ እንደ ውሃማነቱ በጥቂት ውሃ ወይም ያለ ውሃ፣ ልጣጩ በጣት ሲጨመቅ እስኪደቅ በለስላሳ እሳት ይበስላል። ስኳር ቀድሞ ከገባ ልጣጩ ይጠነክርና ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢፈላ አይለሰልስም። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጎ ስኳሩን መጨመርና ድስቱ ሥር የሚንኮሻኮሽ እስኪጠፋ ማማሰል ነው። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ መሟሟቱ ሲረጋገጥ ብቻ እሳቱ በኃይል ይነሳል። ከዚህ በኋላ ያለው መፍላት አጭርና ብርቱ መሆን አለበት፤ በለስላሳ እሳት ለሰዓታት የተንቀረፈፈ ማርማላታ ፔክቲኑ ይሰበራል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ የፍራፍሬውም ጣዕም በተቃጠለ ስኳር ጣዕም ይዋጣል።

ወቅቱ ሲያልፍ በበረዶ የተቀመጠ ፍራፍሬ መጠቀም ምንም ነውር የለውም። ፔክቲኑ ትንሽ ስለሚቀንስ ፍራፍሬውን በአንድ አሥረኛ ያህል መጨመር ይክሰዋል።

መርጋቱን በምን አውቃለሁ?

በሁለት መንገድ፤ ሁለቱንም አብሮ መጠቀም ይሻላል።

አንደኛው ቴርሞሜትር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ማርማላታ ከ104 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይረጋል። ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ግን በከፍታ ላይ የሚኖረውን ሰው ያሳስተዋል፤ ውሃ በየ300 ሜትሩ ከፍታ በአንድ ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል። በ2000 ሜትር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ማርማላታውም በ97 እና በ98 መካከል ይደርሳል። እዚያ ቦታ 105ን የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ከረሜላ ነው። ስለዚህ በሥራው ቀን ጠዋት ንጹሕ ውሃ አፍልቶ በራሱ ቴርሞሜትር መለካትና በዚያ ላይ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ መደመር ነው። እንዲህ ሲደረግ የቴርሞሜትሩ ስሕተትም አብሮ ይታረማል።

ሁለተኛው የቀዝቃዛ ሳህን ፈተና ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት አራት ትናንሽ ሳህኖች በረዶ ቤት ይገባሉ። አረፋው ከትናንሽ ፍንጥቅጣቂ ወደ ትላልቅ፣ ከባድና ዝግ ብለው ወደሚፈነዱ ጉልላቶች ሲለወጥ፣ ማማሰያው ሲነሳም ጠብታው ብቻውን ከመንጠባጠብ ይልቅ ከጎኑ ካለው ጋር ተያይዞ እንደ መጋረጃ ሲንጠለጠል፣ ጊዜው ደርሷል። ያኔ ድስቱን ከእሳት ማውረድ ነው፤ ይህን ማንም ቸል ሊለው አይገባም፤ ፈተናው ሁለት ደቂቃ ሲፈጅ ድስቱ እሳት ላይ ከቆየ ማርማላታው ከሚፈለገው ያልፋል። አንድ የሻይ ማንኪያ በቀዝቃዛው ሳህን ላይ ጠብ ይደረግና ለአንድ ደቂቃ ይተዋል፤ ከዚያ በጣት ጫፍ ሲገፋ ፊቱ ከተጨማደደና በጣት የተከፈተው መንገድ ተመልሶ ካልገጠመ ረግቷል። ገና ከፈሰሰ ድስቱ ተመልሶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈላል፤ ቀጣዩ ሳህን ይወጣል።

ሽያጩ እየሰፋ ከሄደ ሪፍራክቶሜትር መግዛት ያዋጣል። አንድ ጠብታ በመስተዋቱ ላይ ሲደረግ በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን በብሪክስ፣ ማለትም ከመቶ በክብደት፣ ያሳያል፤ ለማርማላታ የሚፈለገው 65 አካባቢ ነው። በከፍታም ሆነ በዝቅታ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ባለፈው ወር የተሠራውን ከዛሬው ጋር ለማመሳሰል ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

የአሠራሩን መጠን በሦስት አባዝቼ በትልቅ ድስት ብሠራስ?

አይመከርም። ማርማላታ በፍጥነት ውሃውን መትነን አለበት፤ በጥልቅ ድስት የተሞላ ግን ለመትነን ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ያን ጊዜ ፔክቲኑም ቀለሙም ይጎዳሉ። አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ወፍራም፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ድስት ይያዙና በአንድ ዙር ከሁለት ኪሎ ፍራፍሬ አይለፉ። ድስቱ ከግማሹ በላይ አይሞላም፤ ሲፈላ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚፈላ ስኳርም ከውሃ የባሰ ያቃጥላል። ቸትኒ በዚህ ረገድ ታጋሽ ነው፤ በርከት ተደርጎ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን አቼቶ መዳብንና ተራ ብረትን ስለሚበላ ድስቱ የግድ የማይዝግ መሆን አለበት።

ገዢዎች ስኳር ያነሰበት ይጠይቁኛል። መቀነስ እችላለሁ?

ይቻላል፣ ግን ያኔ የሚሠራው ሌላ ዕቃ ነው። ስኳሩ ሲቀነስ ማርማላታው ለመርጋት ይቸገራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ጠባቂውን ያጣል። ከተከፈተ በኋላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልገባ በጥቂት ቀናት ይሻግታል። ስኳር ላነሰበት ማርማላታ በካልሲየም የሚረጋ ልዩ የፔክቲን ዓይነት አለ፤ ከእርሱ ጋር የሚመጣውን መመሪያ በግራም ተከትሎ መሥራትና በመለያው ላይ «ከተከፈተ በኋላ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ» ብሎ በጉልህ መጻፍ ነው። አንዳንድ አገሮችም የስኳሩ መጠን ከተወሰነ በታች ሲሆን በማርማላታ ስም እንዲሸጥ አይፈቅዱም።

«ለስኳር ሕመምተኛ ይሆናል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን በእውነት መናገርና ውሳኔውን ለገዢውና ለሐኪሙ መተው ነው። ለሽያጭ ሲባል «ይስማማል» ማለት በሰው ጤና ላይ መፍረድ ነው።

ቸትኒ ውስጥ አቼቶው ቢበዛብኝ መቀነስ እችላለሁ?

አይቻልም። በዚህ ገጽ ላይ ከሁሉም በላይ ጠንቀቅ ብለው እንዲያነቡት የምንፈልገው ክፍል ይህ ነው።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና አብዛኛው አትክልት አሲድ የሌላቸው ናቸው። አሲድ የሌለው ምግብ አየር በማይገባበት ጠርሙስ ውስጥ ሲታሸግ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ለተባለው ባክቴሪያ ምቹ ይሆናል። የባክቴሪያው ዘር በተራ መፍላት አይሞትም፤ የሚያመነጨው መርዝ ነርቭን ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። ሽታው ወይም መልኩ ሳይለወጥ ምግቡ ተመርዞ ሊገኝ ይችላል። የምግቡ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል)፣ ከ4.6 በታች ሲሆን ግን ይህ ባክቴሪያ ማደግ አይችልም። በቸትኒ ውስጥ ያንን መስመር የሚያስጠብቀው አቼቶው ነው።

ስለዚህ የአሲድ መጠኑ 5 በመቶ መሆኑ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈበትን አቼቶ ይጠቀሙ፤ አሲዱ ያልታወቀ፣ በቤት የተሠራ አቼቶ ለሽያጭ አይሆንም። የተፈተነ አሠራር ይከተሉ፤ የሽንኩርቱንና የቃሪያውን መጠን ከተጻፈው አያሳልፉ። ደረቅ ቅመምን መለዋወጥ ይቻላል፤ ቀረፋውን በቅርንፉድ መተካት አሲዱን አይነካም። ኮምጣጣነቱ ከበዛብዎ ስኳር ወይም ዘቢብ ጥቂት ይጨምሩ እንጂ አቼቶውን አይንኩ፤ ደግሞም ሁለት ወር ይስጡት፣ አብዛኛው ስለት በራሱ ይለዝባል።

ለመሸጥ ካሰቡ የፒኤች መለኪያ መግዛት ግዴታዎ ነው ብንል አናጋንንም። ከመለካት በፊት መሣሪያው በፒኤች 4 እና 7 መፈተሻ ፈሳሽ ይስተካከላል። ቸትኒው ከታሸገ ከአንድ ቀን በኋላ፣ አሲዱ ወደ ቁራጮቹ ውስጥ ሲገባ፣ አንድ ጠርሙስ ተከፍቶ ይፈጫልና ይለካል። 4.6 የመጨረሻው ጠርዝ ስለሆነ ከ4 በታች መገኘት የተሻለ ነው። ቁጥሩ ከዙሩ ቀን ጋር በደብተር ይሰፍራል።

በማርማላታም ቢሆን ሁሉም ፍራፍሬ አሲድ አለው ማለት አይደለም። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ በለስና ሐብሐብ ከመስመሩ አጠገብ ወይም በላይ ናቸው። ለእነዚህ የሎሚ ጭማቂ ለጣዕም ሳይሆን ለደኅንነት ይጨመራል፤ አሲድነቱ እኩል እንዲሆንም የታሸገ ጭማቂ ይመረጣል። በዘይት ውስጥ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቃሪያስ? እርሱ ቸትኒ አይደለም፤ ከቤት ወጥ ቤት ወጥቶ መሸጥም የለበትም።

ቸትኒው መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ማማሰያውን በድስቱ ሥር ይጎትቱ። የተከፈተው መንገድ ለጥቂት ሰከንድ ባዶ ሆኖ ከቆየና ቀጭን አቼቶ ተመልሶ ካልሞላው ደርሷል። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይወፍራል።

ያገለገለ ጠርሙስ መጠቀም እችላለሁ?

ጠርሙሱን፣ ሕጉ ከፈቀደና አፉ ላይ ጭረትም ስንጥቅም ከሌለው፣ አዎ። ክዳኑን ግን በጭራሽ። በክዳኑ ውስጥ ያለው ለስላሳ ቀለበት አንዴ ከታተመ በኋላ ሁለተኛ አጥብቆ አይይዝም፤ የቆየ ሽታም ይዞ ይቀራል። ለቸትኒ ሲገዙ ውስጡ አቼቶ በማይበላው ልባስ የተቀባ ክዳን ይጠይቁ።

ጠርሙሶቹ በሳሙና ታጥበው በፈላ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይቀቀላሉ፤ ከፍ ባለ ቦታ ትንሽ ይረዝማል። ማርማላታው ሲገባ ጠርሙሱ ትኩስ መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ የፈላ ስኳር ቢፈስ ይሰነጠቃል። ትልልቅ የፍራፍሬ ቁራጭ ያለበት ማርማላታ ከእሳት ወርዶ አሥር ደቂቃ ያህል ይረፍ፣ አንድ ጊዜ በቀስታ ይማሰል፣ ከዚያ ይቀዳ፤ አለበለዚያ ፍራፍሬው ሁሉ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ማርማላታ ከአፉ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል፣ ቸትኒ ደግሞ ከአንድ ሴንቲሜትር በጥቂት የሚበልጥ ክፍት ቦታ ይተውለታል። የጠርሙሱ አፍ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አንዲት የስኳር ጠብታ ክዳኑን ክፍት ልትተወው ትችላለች።

ብዙ ሰዎች ትኩሱን ሞልተው፣ ከድነው፣ ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ለቤት የሚሆን ልማድ ነው፤ ለሽያጭ ግን የታሸገውን ጠርሙስ እንደገና በፈላ ውሃ ማሳለፍ ይሻላል። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር በ1810 ያሳተመው ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሉዊ ፓስተር ምክንያቱን በሳይንስ ከማስረዳቱ ከአሥርተ ዓመታት በፊት ምግብን በብርጭቆ አሽጎ በፈላ ውሃ ያቆይ ነበር። ውሃው ጠርሙሶቹን በሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ማለፍ አለበት። በተቀቀለ ጠርሙስ ውስጥ ለገባ ማርማላታ 5 ደቂቃ፣ ለቸትኒ 10 ደቂቃ የተለመደ ነው፤ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ 5 ደቂቃ፣ ከ1800 ሜትር በላይ ሌላ 5 ደቂቃ ይጨመራል። የሚከተሉት የተፈተነ አሠራር የራሱን ጊዜ ካስቀመጠ እርሱ ይቀድማል። በነጋታው የክዳኑ መሐል በጣት ሲጫን ወደ ታች ወርዶ ከቆየ ታሽጓል፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ማቀዝቀዣ ገብቶ ቤት ውስጥ ይበላል።

ማርማላታው ላይ የታየውን ሻጋታ ገፍፌ ብሸጠውስ?

አይሸጥም፣ ለቤተሰብም አይቀርብም። የሻጋታ ሥር በዓይን ከሚታየው በታች ይወርዳል፤ መርዝ የሚያመነጩ ዓይነቶችም አሉ። ሙሉው ይጣላል፣ የዚያ ዙር ሌሎች ጠርሙሶችም ይመረመራሉ።

ሌሎቹ ጉድለቶች የዚህን ያህል አያስፈሩም። ስኳሩ ተመልሶ እንደ አሸዋ ከጠጠረ ሳይሟሟ ፈልቷል ወይም ከመጠን በላይ ፈልቷል። ውሃ ካቃረ አሲዱ በዝቷል ወይም ሞቃት ቦታ ተቀምጧል። የቀጠነ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቁት፤ አንዳንዱ ዘግይቶ ይረጋል። ባይረጋም ጣዕሙ ካማረ በሐቀኝነት «የፍራፍሬ ሽሮፕ» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ መለያው ግን እንደገና ይጻፋል።

መለያው ላይ ምን ልጻፍ?

የምርቱ ስም፣ በውስጡ ያሉት ነገሮች ከሚበዛው ወደሚያንሰው በክብደት ቅደም ተከተል፣ የተጣራ ክብደት፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የዙር ቁጥር፣ እስከ መቼ መጠቀም እንደሚሻል፣ አቀማመጡ። በብዙ አገሮች የፍራፍሬው መጠንም ይጠየቃል፤ ስሌቱ ግር ስለሚል በምሳሌ እንየው።

1 ኪሎ እንጆሪና 1 ኪሎ ስኳር አለን እንበል። ከእንጆሪው ውስጥ አሥር በመቶ ገደማ፣ ማለትም 100 ግራም፣ ውሃ ያልሆነ ነገር ነው። ከስኳሩ ጋር 1100 ግራም ይሆናል። ማርማላታው ሲደርስ ውሃ ያልሆነው ነገር 65 በመቶ ስለሚሆን 1100 በ0.65 ሲካፈል 1.69 ኪሎ ይሰጣል። ስለዚህ 250 ግራም የሚይዙ ስድስት ጠርሙሶች ይሞላሉ፣ ጥቂት ይተርፋል። አንድ ኪሎ ፍራፍሬ በ1.69 ኪሎ ውስጥ ስላለ በመለያው ላይ «በ100 ግራም ውስጥ 59 ግራም ፍራፍሬ» ተብሎ ይጻፋል። የዓለም የምግብና የጤና ድርጅቶች በጋራ የሚያወጡት ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ በ2009 ባወጣው ደረጃ ለማርማላታ በጠቅላላው 45 በመቶ ፍራፍሬ ይጠይቃል፣ ለአንዳንድ ፍራፍሬዎች ዝቅ ያደርገዋል። ለአንድ ኪሎ እንጆሪ አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር የጨመረ ሰው ግን ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። ብዙ ጠርሙስ ለማግኘት ስኳር ማብዛት የሚያስከፍለው ይህን ነው፤ የጣዕሙን ጉዳት ሳንቆጥር።

አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮች በጉልህ ፊደል ይጻፋሉ። በቸትኒ ውስጥ ሳይታሰብ የሚገቡ አሉ፦ ሰናፍጭ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ከገብስ ብቅል የተሠራ አቼቶ። ቀለሙ እንዲያምር በድኝ የታጠነ ደረቅ አፕሪኮትና ዘቢብ ሰልፋይት ይይዛል፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኪሎ ከ10 ሚሊግራም በላይ ከሆነ መጻፍ አለበት። የማርማላታውን አረፋ ለማጥፋት ጣል የምትደረገው ትንሽ ቅቤ እንኳ ወተት ናት፤ ወይ ትጻፍ ወይ ትቅር። አረፋው በጭልፋ ተገፍፎ ሊወጣ ይችላልና መቅረቷ ይሻላል።

ዋጋ እንዴት ላውጣ?

ከፍራፍሬውና ከስኳሩ በተጨማሪ ጠርሙሱ፣ ክዳኑ፣ መለያው፣ ጋዙ ወይም መብራቱ፣ መጓጓዣው፣ ለቅምሻ የሚከፈቱት ጠርሙሶችና የጠረጴዛው ኪራይ ይደመራሉ። ኪራዩ የሚካፈለው ይዘው በሄዱት ሳይሆን ይሸጣል ብለው በሚገምቱት ቁጥር ነው፤ 60 ጠርሙስ ወስዶ 40 የሚሸጥ ሰው በ60 ካካፈለ ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። በመጨረሻም የራስዎን ሰዓት ይቁጠሩ፤ መልቀምና መላጥ፣ ማማሰል፣ ጠርሙስ ማጠብ፣ በባዛሩ ቆሞ መዋል። ሰዓቱን የማይቆጥር ሰው አተረፍኩ እያለ ይደክማል፤ በሦስተኛው ባዛር ሥራውን ይተወዋል።

ከፋብሪካ ዋጋ ጋር መወዳደር አይሞከር። ፋብሪካው ስኳሩን በኩንታል ይገዛል። የእርስዎ ገዢ የሚከፍለው ለፍራፍሬው ብዛትና ለጣዕሙ ነው።

ስንት ዓይነት ይዤ ልሂድ?

አራት ወይም አምስት። ጠረጴዛው ሞልቶ እንዲታይ አሥራ አምስት ዓይነት መደርደር ያጓጓል፤ ገዢው ግን ምርጫ ሲበዛበት ያመነታል፣ እርስዎም ለአሥራ አምስቱም እኩል ጥንቃቄ ማድረግ አይችሉም። ሁሉም የሚያውቀው አንድ ማርማላታ፣ አንድ ለየት ያለ፣ አንድ ለስላሳ ቸትኒ፣ አንድ የሚያቃጥል። ትናንሽ ጠርሙሶች ለስጦታና ለሞካሪ ይመቻሉ።

ቅምሻ ላቅርብ?

አዎን፤ ቸትኒን ያለ ቅምሻ መሸጥ ከባድ ነው። በ250 ግራም ጠርሙስ አምስት ግራም ቢሰጥ ለ50 ሰው ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ማንኪያ ወይም በእርስዎ እጅ የተቀባ የዳቦ ቁራሽ ይሁን፤ ሰው በራሱ እንዲጨልፍ ጠርሙሱን ከፍቶ መተው የለበትም። ክዳን፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ከጠረጴዛው ሥር ይኑር። ከማቅመስዎ በፊት ስለ አለርጂ ይጠይቁ። ቸትኒው ከምን ጋር እንደሚበላ አያውቁምና ሲያቀምሱ ይንገሯቸው፦ ከአይብ፣ ከተጠበሰ ሥጋ፣ ከቀዝቃዛ ዶሮ፣ ከሩዝ ጋር።

ጠርሙሶቹን ብርሃን ቢያስውባቸውም ቀኑን ሙሉ በቀጥታ ፀሐይ ላይ አያቁሟቸው፤ የእንጆሪ ቀለም ቶሎ ይደበዝዛል። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ለዕይታ ፊት ይቁም፣ የሚሸጠው ጥላ ውስጥ ይቆይ።

ያልተሸጠውን ምን ላድርግ?

በትክክል የታሸገ ማርማላታ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ለአንድ ዓመት ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቆያል፤ ቸትኒ እንዲያውም ይሻሻላል። ወደ ቤት ሲመለሱ እያንዳንዱን ጠርሙስ ይወልውሉ፣ ክዳኑን በጣት ይጫኑ፤ የላላው ከሽያጭ ይወጣል። ለዕይታ ፀሐይ ላይ የቆመውና ለቅምሻ የተከፈተው ለቤት ነው። በዚያው ምሽት፣ ሳይረሳ፣ ከየዓይነቱ ስንት እንደተሸጠ፣ የትኛው በስንት ሰዓት እንዳለቀ፣ ሰዎች ጠይቀው ያጡት ምን እንደሆነ በደብተሩ ይጻፋል። ከቀትር በፊት ያለቀው ዓይነት ለቀጣዩ ባዛር ቸትኒ ከሆነ ከአሁኑ ይጣዳል፤ ማርማላታ ከሆነ ፍራፍሬው በወቅቱ ተገዝቶ በረዶ ቤት ይገባል።